ያረጁ አይጦች ጅማት

ቱርጉን ሃውገ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከአይጥ ጭራ ጅማት ስትመዝ የኖረች ሴት ናት። ሥራሽ ምንድን ነው ሲሏት «ጭራ እጎትታለሁ» ትልና ጠያቂው የሚለው ሲጠፋው እያየች ትስቃለች። በርገን ከተማ ዳገቱ ላይ፣ መስኮቷን ዓመቱን ሙሉ ዝናብ በሚደበድባት ትንሽ የምርምር ተቋም ውስጥ አብረን ሠርተናል፤ እሷ ላቦራቶሪው ውስጥ፣ እኔ ደግሞ ኮሪደሩ ጫፍ ካለው የማይክሮስኮፕ ክፍል። ስሜ ጋውተ ነው። በዚህ በምነግራችሁ ነገር የእኔም እጅ አለበት።

የሰው ሕዋስ ከሰውነት ወጥቶ ባዶ ብርጭቆ ላይ ሲያርፍ ይኮራመታል። ኮላጅን ሲያገኝ ግን አገሩ የገባ ይመስለዋል፤ እግር ያወጣል፣ ይዘረጋል፣ ይራመዳል። ኮላጅን ማለት ቆዳውንም ጅማቱንም አጥንቱንም አያይዞ የያዘው ክር ነው፤ የአይጥ ጭራ ደግሞ ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው በጅማት የተሞላ ነው። ሌሎች ተመራማሪዎች ሥራቸውን ጨርሰው የገደሏቸውን አይጦች ጭራ የእንስሳት ቤቱ ጠባቂ በፌስታል እየሰበሰበ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጥላታል፤ እሷ ካልወሰደችው ከሬሳው ጋር ይቃጠላል። ቱርጉን ጭራውን በአልኮል ታጥበዋለች፣ ጫፉን በጉጠት ቀጭ አድርጋ ትሰብራለች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ስትስበው ነጩ ጅማት እንደ ስፌት ክር ተመዝዞ ይወጣል። ክሩን ኮምጣጤ በሚሸት ቀጭን አሲድ ዘፍዝፋ ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ሁለት ቀን ታቆየዋለች፤ ሟሙቶ እንደ እንቁላል ነጭ ይወፍራል። ይህ ፈሳሽ ከጨውና ከሕዋስ ጋር ተቀላቅሎ የሰውነት ሙቀት ሲያገኝ በግማሽ ሰዓት ውስጥ እንደ እርጎ ይረጋል። ሕዋሶቹ ያን የረጋ ነገር ቤታቸው አድርገው ይኖሩበታል።

አንድ የማትጥሰው ደንብ ነበራት። ከሦስት እስከ አራት ወር ዕድሜ ካላቸው አይጦች በቀር የሌላ ጭራ አትነካም። ለምን እንደሆነ ስትጠየቅ፣ ያስተማረችኝ ሴትዮ እንዲህ ነው ያለችኝ ከማለት በቀር ብዙ አታብራራም።

ሱኒቫ ትቬይት ለዶክትሬት ጥናቷ ወደ እኛ ስትመጣ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነበር። የቆሽት ካንሰር ሕዋሶችን ኮላጅን ውስጥ ታሳድግና እንዴት እየቦረቦሩ እንደሚያልፉ ታይ ነበር። ለመድኃኒት የታሰበ አንድ ውህድ እጇ ገብቷል፤ ሕዋሶቹን እንዳይንቀሳቀሱ ያደርጋቸው እንደሆነ ማየት ነበር ሐሳቧ። ቱርጉን ልጅ አልወለደችም፤ ባሏ ከሞተ አሥር ዓመት አልፎታል። ሁለቱ ምሳቸውን አብረው ነበር የሚበሉት። አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን በወረቀት የተጠቀለለ ዳቧቸውን ይፈቱና፣ ትልቋ ለትንሿ ከቡናማው አይብ ቆርሳ ትሰጣታለች። ሱኒቫ ቸኮል የምትል ልጅ ስለነበረች፣ ቱርጉን ብዙ ጊዜ «ኮላጅን የተጣደፈ ሰው አይወድም» ትላት ነበር።

በሁለተኛው ዓመት የእንስሳት ቤቱ አየር ማስገቢያ ተበላሽቶ ለጥገና ተዘጋ። አይጥ ጠፋ። የቡድናችን አለቃ ሃልቫርድ ቀድሞውንም ቢሆን ከኩባንያ በጠርሙስ የተዘጋጀ ኮላጅን መግዛት ይሻለናል ሲል ነበርና፣ አሁን ነገሩን አጥብቆ ያዘው። ቱርጉን ግን ሳምንት ታገሡኝ ብላ በሰባተኛው ቀን አዲስ ኮላጅን ይዛ መጣች። ብዙ ነበር፤ ለአንድ ዓመት የሚበቃ። ጠርሙሶቹ ላይ «ስምንተኛ ዙር» ብላ ጽፋለች። ከየት አገኘሽው ያላት ሰው አልነበረም።

እኔ አንድ ነገር አይቼ ነበር። ሱኒቫ የመጀመሪያዎቹን ናሙናዎች ይዛ ስትመጣ ማይክሮስኮፑ ስር የኮላጅኑ ክሮች ወፈር ብለው፣ እርስ በርስ ተቆላልፈው ታዩኝ። ከዚህ በፊት እንደዚያ አይቻቸው አላውቅም። መሣሪያውን ያበላሸሁት መስሎኝ ግማሽ ቀን ሌንሱን ሳስተካክል ዋልኩ፤ ለውጥ ሳጣበት ተውኩት። ለሱኒቫ አልነገርኳትም። ደስ ብሏት ነበር የመጣችው፤ ደስታዋን ማደፍረስ አልፈለግኩም።

ደስታዋም ምክንያት ነበረው። ውህዱን የጠጡት ሕዋሶች ቆመዋል። ያልጠጡት ይንቀሳቀሳሉ፤ የጠጡት ግን ካሉበት ንቅንቅ አይሉም። ሦስት ጊዜ ደገመችው፣ ሦስቱንም ጊዜ ያው ሆነ። ጥናቱ በጥሩ መጽሔት ወጣ። የከተማው ጋዜጣ ፎቶዋን አትሞ «የበርገኗ ወጣት ካንሰርን አስቆመች» የሚል ርዕስ ሰጠው። ሱኒቫ በርዕሱ አፍራ ጋዜጠኛውን ልትወቅሰው ደውላ ነበር። ቱርጉን ግን ገጹን ቆርጣ ቀዝቃዛው ክፍል በር ላይ ለጠፈችው።

ከጋዜጣው በኋላ ደብዳቤ መጣ። የጻፉት ብሪታ የሚባሉ ሴት ናቸው፤ ፊዮርድ ከሚሉት ጠባብ የባሕር ሰርጥ ማዶ፣ ዮንዳል መንደር ከባላቸው ከኦድማር ጋር በግ ያረባሉ። ኦድማር የቆሽት ካንሰር ተገኝቶባቸዋል። ብሪታ የጠየቁት ነገር ረጅም አልነበረም፤ መድኃኒቱ መቼ ይደርሳል ነው ያሉት። ሱኒቫ ሦስት ገጽ መለሰችላቸው። ሥራው ገና የላቦራቶሪ ሳህን ላይ መሆኑን፣ ሰው ጋ ሳይደርስ ዓመታት እንደሚፈጅ፣ ተስፋ ልትሰጣቸው እንደማትችል ጻፈች። መጨረሻ ላይ ግን፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ አይደል፣ «እኔ ግን ተስፋ አለኝ» የምትል አንዲት መስመር ጨመረችበት። ደብዳቤውን ከመላኳ በፊት ለእኔ አሳይታኝ ነበር። ያችን መስመር አውጪያት አላልኳትም።

በረዷማው ክረምት አጋማሽ ላይ ከሆላንድ መልእክት ደረሰ። እዚያ ያለ አንድ ቡድን ሥራዋን ደግሞት ውህዱ በሳህንም በአይጥም ምንም እንዳላደረገ፣ የጎደለባቸው ነገር ካለ እንድትነግራቸው በትሕትና ይጠይቃል። ሱኒቫ በመጀመሪያ እነሱን ነበር የጠረጠረችው። ቀጥላ ራሷን መጠርጠር ጀመረች። የማሞቂያውን ሙቀት ለካች፣ ውህዱን እንደገና አስመረመረች፣ የድሮ ማስታወሻ ደብተሮቿን ገጽ በገጽ አነበበች። ቱርጉንንም ጠየቀቻት፤ ቱርጉን ኮላጅኑ እንደ ወትሮው ነው ብላ መለሰችላት። ሱኒቫ ስምንተኛው ዙር አልቆባት ስለነበር በአዲሱ ኮላጅን ሞከረችው። ሕዋሶቹ ውህዱን እንደ ውሃ ጠጥተው መንገዳቸውን ቀጠሉ። እንግዲህ እጄ ነው የተበላሸው አለች። ምሳዋን እየተወች መጣች። ፊቷ አመድ መሰለ።

ቱርጉን ይህን ሁሉ ዘጠኝ ቀን ስታይ ቆየች። በአሥረኛው ቀን ምሳ ላይ፣ እኔም ባለሁበት፣ ዳቦዋን ሳትፈታ እጇን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ሱኒቫ፣ ስምንተኛው ዙር የወጣት አይጥ ጅማት አይደለም።»

«የምን ነው ታዲያ?»

«ያረጁ አይጦች ነው። ሁለት ዓመት አልፏቸው ነበር። ስለ እርጅና የሚያጠኑት ክፍሎች ጨርሰዋቸው ጭራቸው ማቀዝቀዣ ውስጥ የቀረ ነው።»

«ጠይቄሽ ነበር እኮ። እንደ ወትሮው ነው ነው ያልሽኝ።»

«ብዬሻለሁ።»

«ለምን?»

«ጭራ የለም ካልኩ ሃልቫርድ ጠርሙስ ሊገዛ ነበር። ጠርሙሱ ከገባ እኔን ምን ያደርጉኛል? ስለካው መጠኑ ልክ ነበር። ኮላጅን ያው ኮላጅን ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ኋላ ጋዜጣው ሲወጣ፣ ሰው ሁሉ ሲደሰት፣ ምን ብዬ ልጀምረው?»

ሱኒቫ አልጮኸችም። ተነስታ ኮቷን ለበሰችና ዝናቡ ውስጥ ወጣች፤ ያን ቀን አልተመለሰችም።

ቱርጉንን ኮሪደር ላይ ደረስኩባት። ክሮቹ ወፍረው አይቻቸው እንደነበርና ዝም እንዳልኩ ነገርኳት። የሚያጽናናት መስሎኝ ነበር። ቀና ብላ አየችኝና «እንኳን ነገርከኝ አልልህም» አለች። «ሁለታችንም አንድ ቃል ብንናገር ኖሮ ይቺ ልጅ እዚህ አትደርስም ነበር።»

በማግስቱ ሃልቫርድ ስብሰባ ጠራ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ብቻ ሁልጊዜ ነገር እስኪበርድ መቆየት ይወዳል። ጁን ላይ ሱኒቫ መመረቂያዋን ካቀረበች በኋላ እርማት እንጻፍ፣ ውጤቱም እኮ ውሸት አይደለም፣ በጠንካራ ኮላጅን ውስጥ ይሠራል እንላለን አለ። ሱኒቫ በዝግታ መለሰችለት። ያረጀው ኮላጅን ሕዋሶቹን ቀድሞውኑ አስሯቸው ነበር፤ ውህዱ ያደረገው ግማሽ የታሰረን ሰው በአንዲት ክር እንደ ማስቆም ነው። በሆላንድ አይጦች ውስጥ ዕጢው አድጓል። ስለዚህ ጽሑፉን ከመጽሔቱ አነሳዋለሁ፣ መመረቂያዬንም አላቀርብም አለች። ሃልቫርድ ሊያግባባት ሞከረ። «ዮንዳል የምነግራቸው ሰዎች አሉኝ። ለእነሱ ምን ብዬ እርማት እጽፋለሁ?» አለችው።

ወደ ዮንዳል ብቻዋን ልትሄድ ነበር። ቱርጉን አብሬሽ እሄዳለሁ ስትላት ሱኒቫ እሺም እንቢም አላለችም። ሱኒቫ አትነዳም፤ ቱርጉንም መንጃ ፈቃድ የላትም፤ እኔ መኪናዬን አመጣሁ። ማርች ነበር። መንገዱ ላይ በረዶና ዝናብ ተቀላቅሎ ይወርዳል። መኪና በሚጭን ጀልባ ፊዮርዱን ተሻግረን ቀትር ላይ ደረስን፤ በመንገዱ ሁሉ ስለ አየሩና ስለ መንገዱ ካልሆነ ማናችንም አልተናገርንም።

ብሪታ በሩን ሲከፍቱ ለሱኒቫ እጃቸውን ዘርግተው ነው የተቀበሏት። በጋዜጣው ፎቶ ያውቋታል። ስስ ቂጣ በቅቤና በስኳር ተቀብቶ ጠረጴዛው ላይ ተደርድሯል፤ ለእንግዳ ተዘጋጅተው ነበር የጠበቁን። ኦድማር መስኮቱ አጠገብ ሶፋ ላይ ጋደም ብለዋል። ትልቅ ሰውነት የነበራቸው ናቸው፤ አሁን ሹራቡ ሰፍቷቸው፣ ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ ነበር። በዝግታ ቀና ብለው ከበረቱ በኩል የሚሰማውን የበጎች ድምፅ እያዳመጡ፣ ግልገሎቹ ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደሚወለዱ ነገሩን።

ሱኒቫ ነገሩን ሳታድበሰብስ ተናገረች። ውህዱ እንደማይሠራ፣ ሠርቷል ብላ የጻፈችው ስህተት እንደነበር፣ ሌሎች ሞክረውት ምንም እንዳላገኙበት ነገረቻቸው። ብሪታ የያዙትን ማንቆርቆሪያ ቀስ ብለው አስቀመጡት። ኦድማር ለምን ስህተት ሆነ ብለው ጠየቁ። ሱኒቫ ልትመልስ ስትል ቱርጉን ቀደመቻት።

«በእኔ ጥፋት ነው። ሕዋሶቹ የሚኖሩበትን ነገር የማዘጋጀው እኔ ነኝ፤ ከአይጥ ጭራ ጅማት። ከወጣት አይጥ መውሰድ ሲገባኝ ካረጁ አይጦች ወሰድኩ። ለእሷ አልነገርኳትም።»

ኦድማር አገጫቸውን እያሻሹ አሰቡ። «ያረጀ በግ ጅማቱ አራት ሰዓት ሙሉ ከጎመን ጋር ተቀቅሎም አይላላም። የዓመቱ ጠቦት ደግሞ በአንድ ሰዓት ተኩል ከአጥንቱ ይወርዳል። ይህን እዚህ ሸለቆ ያለ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ያን ሁሉ የተማረ ሰው ባለበት፣ እናንተ ዘንድ የሚያውቅ ጠፋ?»

«እኔ አውቅ ነበር» አለች ቱርጉን።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጅቷ ብቻዋን መጥታ ቢሆን እሷን ነበር የምወቅሰው።»

ብሪታ ጀርባቸውን ሰጥተውን መስኮቱ ጋ ቆመው ነበር። ሳይዞሩ ተናገሩ። «ሐኪሞቹ የሰጡትን መድኃኒት በሴፕቴምበር ነው ያቆመው። አቅሜን ለአዲሱ አቆየዋለሁ ብሎ።»

ሱኒቫ ሁለት እጇን ጉልበቶቿ መሃል ከተተችና ወደ ወለሉ አቀረቀረች።

«ተዪ እንግዲህ ብሪታ» አሉ ኦድማር። «ያም ቢሆን ያድነኛል አላሉም። ጥቂት ወር ይጨምራል ነው ያሉት፣ እሱንም በትውከት። የመረጥኩት እኔ ነኝ።»

«እኔ መች መረጥኩ» አሉ ብሪታ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየንም። ኦድማር ሱኒቫን ጠጋ በይ ብለው፣ ትምህርቷን እንዳትተው፣ እሳቸውም በአንድ ክረምት ግማሽ መንጋ በገዛ ስህተታቸው አጥተው እንደሚያውቁ ነገሯት። ድምፃቸው እየደከመ ስለመጣ ሁሉንም አልሰማሁትም። ስንወጣ ብሪታ ሱኒቫን ጨበጧት፤ እኔንም ጨበጡኝ። ቱርጉን እጇን ስትዘረጋ ግን እጃቸውን ሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ። «ልጨብጥሽ አልቻልኩም» አሉ። «ልሰድብሽ አይደለም። አልቻልኩም ብቻ።»

ቱርጉን ራሷን ዝቅ አድርጋ እጇን መለሰች።

ስንመለስ ጀልባው ላይ ቱርጉን ከመኪናው ወርዳ ውጭ፣ የብረት አጥሩ ጋ ሄዳ ቆመች። በረዶው እየወረደባት ነው። ሱኒቫ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና በመስታወቱ አየቻት። «ጥራት፤ ብርድ ይመታታል» አለችኝ። ራሷ ግን አልወረደችም። እኔ ወርጄ ጠራኋት፤ እሺ ብላ እዚያው ቆመች። እስክንደርስ ድረስ አልተንቀሳቀሰችም።

ኦድማር በሜይ መጀመሪያ ሞቱ። ብሪታ ለሱኒቫ ሁለት መስመር ጽፈው ላኩላት፤ ቀብር ላይ ሄደች፤ ብቻዋን። ስትመለስ የነገረችኝ ነገር ቢኖር ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ እንደነበር፣ ግልገሎቹም ሜዳው ላይ ወጥተው እንዳየቻቸው ብቻ ነው። ጽሑፉ ከመጽሔቱ ተነሣ። ሃልቫርድ ሁለት ዓመት ጨምሮ አዲስ ሥራ ጀምሪ አላት፤ ጀመረችም። ግን ሳህን ላይ ያየችውን ማመን አቃታት። አንድን ሙከራ አሥር ጊዜ ትደግማለች፣ አሥራ አንደኛውን ትፈራለች። ኦክቶበር ሲሆን የላቦራቶሪ ቁልፏን መልሳ ለቀቀች። አሁን ቮስ ከተማ ውስጥ ለአሥራ አምስት ዓመት ልጆች ሳይንስ ታስተምራለች። አልፎ አልፎ እንገናኛለን፤ ደህና ናት፤ ቢያንስ የምትለው እንዲያ ነው።

ቱርጉንን ያባረራት የለም። እሷ ራሷ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ክፍል አዛውሩኝ አለች፤ ሁለት ዓመት ብርጭቆ አጥባ ጡረታ ወጣች። ኮላጅኑ አሁን በጠርሙስ ነው የሚመጣው። እኔ ማንኛውም ነገር ለዓይኔ ትንሽ ሲለወጥ ወረቀት ላይ ጽፌ ለሁሉም እልካለሁ፤ ወጣቶቹ ጋውተ አብዝቶታል ይላሉ። ይበሉ።

ባለፈው ዲሴምበር ቱርጉን ቤት ሄጄ ነበር። ሁለት ክፍል ቤት ናት፤ ጸጥ ያለች። ዓሣ ቀቅላ አበላችኝ። ሰሃኑን አብረን እያነሳን ሳለ፣ ፊቷን ወደ ቧንቧው እንዳዞረች፣ ሱኒቫን አግኝቻት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ባለፈው ወር ቮስ እንዳገኘኋት፣ ደህና እንደሆነች ነገርኳት።

«ስለ እኔ ጠየቀችህ?»

«ጠይቃኛለች» አልኳት።

አልጠየቀችኝም ነበር። ቱርጉን ውሃውን ዘጋች። ፎጣውን አንስታ ሁለቱን ሰሃኖች ማድረቅ ጀመረች፤ ምን ብላ ጠየቀችህ ሳትለኝ።